ከእናቴ ትይዩ የነበረው መቀመጫ

ከመኪናው ስወርድ ከሁሉ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የረጠበ ሸምበቆ፣ ፀሐይ ያሞቀው ጭቃ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ የሚል ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ ተከድኖ ያደረ እንስራ ሲከፍቱት ፊት ላይ የሚመጣውን የመሰለ ቀዝቃዛ ትንፋሽ። የዝዋይ ሐይቅ ሽታ ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ ውስጥ የት ተሸሽጎ እንደቆየ አላውቅም፤ ብቻ ሁለተኛው እግሬ መሬት ሳይረግጥ አወቅሁትና ባለሁበት ቆምኩ።

የልጅ ልጄ ማህሌት ጉልበቴ የከዳኝ መስሏት “እማማ፣ ቀስ! ያዢኝ፣ ያዢኝ” እያለች ክንዴን ጨበጠች። ማህሌት ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሐይቅ ዳር በድንኳን አድረው፣ ጠዋት አስጎብኚ ይዘው በታንኳ ሊንሸራሸሩ ተነጋገሩና “ካራ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የጎረቤት አጥር ከምታዪ አንቺም ትሄጃለሽ” ብላ አስነሣችኝ። እኔም ብዙ የምታስለምን ሴት አይደለሁም፤ ነይ ለሚለኝ ሁሉ ነጠላዬን በር አጠገብ ነው የምሰቅለው።

ከግራሮቹ ሥር አረንጓዴና ብርቱካንማ ትንንሽ ድንኳኖች ዝናብ እንዳገኘ እንጉዳይ ብቅ ብቅ ብለዋል። ታንኳዎቹ በአፋቸው ተደፍተው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። የማህሌት ጓደኞች ድንኳን ለመትከል አንድ ስልክ ለአራት ከበው “ብሮ፣ ይሄ ፖል የት ነው የሚገባው?” ይባባላሉ፤ አንዱ ወገን ሲቆም ሌላው ይወድቃል፣ ሲወድቅም ይስቃሉ። አስጎብኚያችን ሰሚራ የምትባል ከስልጤ የመጣች ረጋ ያለች ወጣት ናት፤ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ደብተር ይዛ እያንዳንዱን ሰው ትጠይቃለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ በርከክ አለችና “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኪሎዎ ስንት ነው?” አለችኝ።

“ምን ሊያደርግልሽ?”

“ነገ ታንኳው ላይ ከማን ጋር እንደማስቀምጥዎት ላውቅ ነው። የማይመጣጠን ሰው ከተቀመጠ ያጋድላል።”

ሳቄ መጣ። “ልጄ፣ እኔ እኮ እዚሁ ሐይቅ ዳር አንዴ ተመዝኛለሁ፤ ያውም በድንጋይ” አልኳት። የቀለድኩ መሰላት፤ በግምት የሆነ ቁጥር ጻፈችና ሄደች። እኔ ግን ያመጡልኝ የሸራ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል እያየሁ፣ ወደዚያ ወደ ድንጋዮቹ ዘመን በቀስታ ሰመጥኩ።

ያኔ ቤታችን ከቀበና በላይ ነበር፤ ወንዙ ገና ሕፃን ሆኖ እኛ ልጆች በአንድ እርምጃ የምንዘለው ቦታ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አልቆ የሰው ጎጆ የሚጀምርበት። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ደጃፋችን ላይ ስለሚተኛ፣ እናቴ በሩን ስትከፍት እንደ ሰነፍ ውሻ በእግሯ ገፋ አድርጋ የምታስነሣው ይመስለኝ ነበር። ጭጋጉ ሲነሣ ከተማው ከታች ይታያል፤ ቆርቆሮው፣ ጭሱ፣ ከሩቅ እንደ ጉንዳን የሚሄዱት መኪናዎች። አባቴ ግንበኛ ነበርና ሥራ ባለበት እያደረ ወር በወር ብቅ ይላል እንጂ፣ ቤቱ የእናቴና የእኔ፣ የትንሹ ወንድሜም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እናቴ “እታለም” የምትላት ታላቅ እህቷ እትዬ አስካለ ትኖራለች። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ነበር የሚጋሩት፤ ጭቃው ሳስቶ ጭራሮው ስለሚታይ፣ እትዬ አስካለ ወዲያ ስታስነጥስ እናቴ ከወዲህ “ይማርሽ” ትላለች፣ ከዚያም ሁለቱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እትዬ አስካለ ልጅ አልነበራትም። ስለዚህ እኔን ትርንጎን ማን ይበልጥ እንደወለደኝ በልጅነቴ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስራብ ወደ እናቴ፣ ስከፋ ወደ እትዬ አስካለ እሮጥ ነበር።

ሁለቱም ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ ሾላ ገበያ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩ። ሸክሙን ያየ ያውቀዋል፤ ከሴቲቱ ይረዝማል፣ ከሴቲቱ ይሰፋል፣ ከኋላ ሲያዩት ጫካው ራሱ እግር አውጥቶ ቁልቁል የሚሄድ ይመስላል። ሰው ልብ የማይለው ግን አነሣሡን ነው። ሸክሙን ካሰርሽ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ፣ ገመዱን በደረትሽ ታዞሪዋለሽ፣ ከዚያ ግን ብቻሽን መነሣት አትችዪም። ሁለት እጅሽን ትዘረጊያለሽ፤ ሌላዋ እግሯን ከእግርሽ ገጥማ፣ ሁለቱን እጆችሽን ይዛ፣ “በይ” ብላ ትጎትትሻለች። እናቴና እትዬ አስካለ ሌላ ሰው አስነሥቷቸው አያውቅም። እናቴ ቀድማ ትጫናለች፣ ከዚያ ከነሸክሟ እግሯን አንፈራጥጣ እህቷን ታስነሣለች። እኔም ትንሽዬ የቅጠል ጭነቴን ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ጉሮሮዬን እያቀዘቀዘኝ፣ ሁለቱ ስለማይረባ ነገር ሲያወሩ በግማሽ ጆሮዬ እየሰማሁ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል ያ ቀን የመጣው። እናቴ ተጭና ቆማለች። እትዬ አስካለ ገመዱን በደረቷ አዙራ፣ ቁጭ ብላ፣ እጇን ዘርግታለች። የደን ዘበኛው ፊሽካ ከቅርብ ጮኸ። እናቴም ደነገጠች፤ የእህቷን እጅ ልትይዝ የዘረጋችውን እጅ ወደ እኔ አዞረችና እኔን አንጠልጥላ ቁልቁል ሮጠች። ዘበኛው እትዬ አስካለን እንደታሰረች አገኛት። ገመዷን ቆረጠ፣ ማጭዷን ቀማ፣ እሷን ወስዶ ከጎጆው ኋላ፣ ድምፅ ከማይደርስበት ራቅ ያለ ቦታ፣ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ አስቀመጣት። ማታ ቤቷ ስትገባ በራፏ ላይ ቆማ፣ አገር እንዲሰማ፣ “እጄን ዘርግቼ ትታኝ ሄደች” አለች። ከዚያ በሩን ዘጋችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእናቴ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረቻትም።

አሁን የምነግራችሁን ግን ያኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ እንደሮጠች አልቀረችም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሸክሟን አሽቀንጥራ ጣለችና እየሮጠች ተመለሰች፤ እኔም ተከተልኳት። ቦታው ላይ ያገኘነው የተበታተነ ቅጠል ብቻ ነው። እናቴ ሽቅብ ወደ ዘበኛው ጎጆ ወጥታ “እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ልቀቃት” ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ዘበኛው ዱላውን አንሥቶ ክንዷን መታት። ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የመሰለው። ቁልቁል ስንመለስ እናቴ ክንዷን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንባዋን በሌላኛው እጇ እየጠረገች፣ “ለእታለም ብትነግሪ እናትሽ አይደለሁም” ብላ አስማለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ “እህቴ እኔን ለማወቅ ምስክር ካስፈለጋት ይቅር” አለች። እናቴ የዋህ ነበረች፤ ኩራቷ ግን ከሸክሟ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። እትዬ አስካለ ከግድግዳው ወዲያ ስታስነጥስ እናቴ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ለእህቷ ማለት የፈለገችውን ለዶሮዋ ነበር የምትነግራት፤ “አንቺ ምን አለብሽ፣ ሰው የሚለውን ሁሉ ታምኛለሽ!” ትላታለች ጮክ ብላ፤ ምስኪን ዶሮ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታዳምጣለች። እኔ ደግሞ ስከፋ የምሄድበት አጣሁ።

ታዲያ አሥር ዓመት ሲሆነኝ ትንሹ ወንድሜ በኩፍኝ ሊሞት ደርሶ ዳነ፤ እናቴም ዝዋይ ደሴት ላይ ላለችው ማርያም ጥላ ተሳለች። የሠፈራችን ማኅበር ለመሳለም ሲነሣ፣ ወንድሜን ለአያቴ ሰጥታ፣ እኔን ግን የማስቀምጥበት አጥታ ይዛኝ ወጣች። “ልጅ ውሃው ላይ አይወጣም፣ ዳር ትጠብቃለች” ተባለ። ይሁን አልኩ፤ ሐይቅ ማለት እኔ እንደማስበው ቀበና መሄድ ሰልችቶት የቆመበት ቦታ ነበርና ብዙ አልጓጓሁም። አውቶቡሱ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ከፊት ወንበር ላይ አንድ የማውቀው ሻሽ አየሁ። ለታመመች ጎረቤት ምትክ ሆና እትዬ አስካለ መጥታለች። እናቴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ያን ሁሉ መንገድ ሁለቱ በአንድ አውቶቡስ ሁለት አገር ሆነው ተጓዙ።

ሐይቁ ዳር የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ተራራ ላይ ያደገ ልጅ ሜዳ እንኳ ሲያይ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለዋል፤ እዚህ ደግሞ ሜዳው ራሱ ውሃ ነው። ሰማዩ ወርዶ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ነጫጭ ወፎች ላዩ ላይ ተቀምጠው አይሰምጡም፤ ሩቅ ሰማያዊ ኮረብታ ውሃው መሐል ብቻውን ቆሟል፤ ደሴቲቱ እሷ ናት አሉን። ከመካከላችን አንዷ ሴት አፏን ይዛ “በስመ አብ! ይህን ሁሉ ማን ቀድቶ ሞላው?” አለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውሃው ላይ ከመውጣት ሌላ በዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረም። ምኞቱ ሆዴ ውስጥ እንደ ረሃብ ገባ።

ወንዶቹ የማኅበሩን ድንኳን ከግራሮቹ ሥር ተከሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሣ የምንሻገረው በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ነው ተባለ። የሚያሻግሩን የደሴቲቱ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ ደስታ ይባላሉ። አጭር፣ ደረቅ፣ እጃቸው ከሰውነታቸው ሁሉ የሚበልጥ፣ አማርኛቸውን ቃል በቃል እንደ ዶቃ እየሰኩ የሚናገሩ። ታንኳቸው ከቀዛፊው ሌላ ስምንት ሰው ነው የሚይዘው፣ ማኅበርተኞቹም ልክ ስምንት ነበሩ፤ አራት ወዲህ አራት ወዲያ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው፣ እያንዳንዱ በክብደት ከሚመጣጠነው ሰው ትይዩ ይቀመጣል። ይህን ደግሞ በግምት አይተዉትም። አንድ ረጅም ግንድ አምጥተው ድንጋይ ላይ አጋደሙትና የማኅበሩን አባላት ሁለት ሁለት እያደረጉ በሁለት ጫፍ አስቀመጧቸው።

እስቲ አስቡት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ የመጡ ትልልቅ ሰዎች ግንድ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ! የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት አቶ ወልዴ፣ ቦርጫም ሰው ነበሩ፤ አንዲት ቀጭን መነኩሲት ትይዩአቸው ብትቀመጥ ወደ ሰማይ ተወረወረችና “ኧረ ጊዜዬ አልደረሰም!” ብላ ጮኸች። በመጨረሻ የማኅበሩን የዳቦ ከረጢት ጭነዋት ነው የተስተካከለችው። ቀጥሎ አባባ ደስታ ሴቶቹን በዓይናቸው ለካ ለካ አደረጉና እናቴን በአንድ ጫፍ፣ እትዬ አስካለን በሌላው ጫፍ አስቀመጡ። ምን እንዳለ ከየት ያውቃሉ።

ግንዱ ቀጥ አለ። ከሁሉም ሰው ሁለቱ ብቻ ናቸው ያለ ከረጢት ያለ ምንም ልክክ ያሉት፤ የሁለቱም እግር ከመሬት ተነሥቶ፣ ሁለት ዓመት ያልተያዩት ሁለት እህትማማቾች ፊት ለፊት አየር ላይ ተንጠልጥለው ተያዩ። አባባ ደስታ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። “እናንተ፣ በአንድ ቀን የተወለዳችሁ?” አሉ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ዘላ ወረደች፤ እናቴም በመቀመጫዋ መሬት ላይ ዱብ አለች። ሳቁ ቀለጠ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ አቧራዋን አራግፋ ወደ ድንኳኑ ገባች።

“ከሷ ትይዩ አልቀመጥም። እኔ እቀራለሁ” አለች እትዬ አስካለ።

አቶ ወልዴ ለመኑ፣ መነኩሲቷ ገሠጸች፤ በጄ አላለችም። አባባ ደስታ አገጫቸውን አሹና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። “ልጅቷ ትግባ። የጎደለውን ድንጋይ ይሞላዋል” አሉ። እናቴን ከድንኳኑ አስጠርተው ግንዱ ላይ ከሷ ትይዩ አስቀመጡኝና ግንዱ እስኪስተካከል ድረስ ጭኔ ላይ ድንጋይ ደረደሩብኝ። ሰባት ድንጋይ ሆነ። እኔና ሰባት ድንጋይ ተደምረን አንዲት እትዬ አስካለን አከልን።

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ድንጋዮቼን ይዤ ወደ ውሃው ጫፍ ሄድኩ፤ አጠብኳቸው፣ አሸኋቸው፣ ነገ ከነሱ ጋር የምሄድባትን ደሴት በዓይኔ ለካኋት። አባባ ደስታ አሸዋው ላይ በእንጨት የታንኳውን ቅርጽ ሠርተው ሌሎቹን መቀመጥ ያለማምዷቸዋል። ችግሩ የኛ ተራራ ሴቶች ትንሽ የፈሩ እንደሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ማለታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሸክም ተሸክመው ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ የኖሩ ናቸውና ሰውነታቸው ሌላ አያውቅም። ሽማግሌው “ማዕበል መጣ!” ባሉ ቁጥር ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይላሉ። “ጀርባችሁ ላይ ምን አለ? አውርዱት! ባዶ ነው! ቀና በሉ!” እያሉ ይጮኻሉ። ሴቶቹ በእጃቸው ጀርባቸውን ዳሰስ አድርገው ይሳሳቃሉ፤ ደግመው “ማዕበል!” ሲባሉ ደግመው እጥፍ።

እኔ ዘንድ የመጣችው እትዬ አስካለ ናት። ከድንኳኑ ርቃ ብቻዋን በውሃው ዳር ስትዞር ቆይታ፣ ድንጋዮቼን ስቆጥር አይታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም፤ ሽታዋ ያው ነው፣ ባሕር ዛፍና ቅቤ። አንዱን ድንጋይ አነሣች፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና “ይሄ ይቆርጥሻል፤ ታንኳው ሲናወጥ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ትርንጎዬ” አለች። ያቺን የድሮዋን “ትርንጎዬ”። ስለታሙን በክብ ለወጠችልኝ። ከዚያ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ አራት አጠፈችው፣ ሰባቱን ድንጋይ እንደ ሕፃን ጠቀለለችልኝና ወገቤ ላይ እንዲታሰር አድርጋ ጫፉን ቋጠረች። “አሁን እናትሽን ሳትፈሪ እያየሽ ትሄጃለሽ” አለች። የሷን መቀመጫ ነው እንዲህ አድርጋ ያስተካከለችልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላሰብኩበትም። ብናገር መቀመጫዬን እንደማጣ አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ። እናቴ ያስማለችኝንም አልረሳሁም። ብቻ አፌ ተከፈተ። “እማዬ ተመልሳ ነበር” አልኩ። “ሸክሟን ጥላ ተመልሳ ነበር። አጣችሽ። ዘበኛው ቤት ሄዳ እኔን ውሰደኝ አለችው። በዱላ መታት። ክንዷን። እንዳትነግሪ አለችኝ።” ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አልኩትና ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ አስካለ ተነሣችና ያለ ነጠላ፣ በባዶ ትከሻዋ፣ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄደች። እናቴ ጎንበስ ብላ ዳቦ ትቆርሳለች። እትዬ አስካለ የእናቴን ክንድ ያዘችና እጅጌዋን ሽቅብ ሰበሰበችው። ጠባሳው እንደ ገመድ ቆዳዋ ላይ ተጋድሟል። “ምን ታደርጊያለሽ?” አለች እናቴ፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ያኔ ገባት። እትዬ አስካለ ጠባሳውን ባውራ ጣቷ አንድ ጊዜ አሸችው፣ እጅጌውን መልሳ አወረደችላት። አሸዋው ላይ ወደተሣለችው ታንኳ ገብታ ተቀመጠች፣ ከእናቴ ቦታ ትይዩ። ቆየት ብላ፣ ወደ ሐይቁ እያየች፣ “ነይ ተቀመጪ እንጂ፤ አጋደለብኝ እኮ” አለች።

እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ ሄዳ ተቀመጠች። ጉልበታቸው ተገጠመ።

ቀጥሎ ክርክር ተነሣ። እትዬ አስካለ “ልጅቷ ትሂድ፣ እኔ እቀራለሁ” ስትል፣ እናቴ “አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምቀር፣ ጥላውን እታለም ታድርስልኝ” ትላለች፤ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩትን በአንድ ጊዜ ሊከራከሩት ነው። ያን ጊዜ እኔ የነጠላውን ቋጠሮ ፈታሁና ድንጋዮቼን አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ወረወርኳቸው። ሰባት ጊዜ ጧ፣ ጧ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቴ ማታ ስለ መሐላው ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ የቆነጠጠችበትን ቦታ ደግሞ ራሷ ሳመችው።

ሲነጋ ሄዱ። የአባባ ደስታ ሚስት በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የተቀቀለ በቆሎ ይዛ ዳር ቆመናል። ውሃው አይንቀሳቀስም፤ እንፋሎት ከላዩ ይነሣል፤ ታንኳዋ የምትሄደው ውሃ ላይ ሳይሆን ደመና ላይ ይመስላል። ስምንቱም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ማንም አልጎበጠም። እናቴና እትዬ አስካለ ከሩቅ ሲታዩ ጭንቅላታቸው እየተቀራረበ፣ እየተቀራረበ ሄዶ፣ ነጭ ነጥብ ሆኑ፣ ከዚያ ከደሴቲቱ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ እንፋሎቱ ዋጣቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው እኔ ዘንድ የለም።

በማግሥቱ ሲመለሱ የእናቴ ሻሽ እትዬ አስካለ ራስ ላይ፣ የእትዬ አስካለ ሻሽ እናቴ ራስ ላይ ነበር። እርስ በርስ በተያዩ ቁጥር ይስቃሉ። “ምን አወራችሁ?” ብላቸው እናቴ “ውሃ ላይ ምን ወሬ አለ” አለችኝ፤ እትዬ አስካለም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ጫካው ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ አንዷ “ያኔ ታንኳው ላይ ያልሽኝ” ስትል ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አረጀሁ፤ አልነገሩኝም። እናቴ ቀድማ ሞተች። እትዬ አስካለ ሦስት ክረምት ቆየች፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ልጠይቃት አፌ ላይ እየመጣ፣ ደክሟታል፣ ሲሻላት እጠይቃታለሁ እያልኩ፣ ሳልጠይቃት ሄደች።

ዛሬ ያ ግድግዳ የነበረበት ቦታ አስፋልት ነው። ጫካው ታጥሯል፤ ሰው ንፁሕ አየር ሊተነፍስና ፎቶ ሊነሣ ይወጣበታል፤ ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። ሳስነጥስ ማህሌት ከሌላ ክፍል ሆና ስልኳን እያየች “ብለስ ዩ” ትለኛለች፤ እሱም አይከፋም። መቀመጫዬን በመልቀቄ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ፣ ያን ቀን እዚያ ውሃ ላይ የተባለውን የሚያውቅ አንድም ሰው በዚህ ምድር አለመቅረቱ ነው። ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ቀልድም ሊሆን ይችላል። ግን እኔ በመቀመጫዬ የገዛሁት ነገር እሱ ነበር፣ ምን እንደሆነም ሳላየው ቀረሁ።

ሰሚራ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካንማ ሰደርያ ልትለካልኝ ይዛ ተመልሳ መጣች። እያለበሰችኝ፣ ማሰሪያውን እያጠበቀችልኝ፣ “ነገ ደሴቲቱን፣ ወፎቹን፣ ከታደልን ጉማሬም እናሳይዎታለን” አለችኝ። “ጉማሬውን ለልጆቹ አሳዪልኝ” አልኳት። “ለእኔ ግን ከደሴቲቱ ወዲህ፣ ከዳር ሆኖ ሰው ነጥብ መስሎ የሚጠፋበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ስንደርስ መቅዘፉን ትንሽ አቁሙልኝ።”

ማህሌት ስልኳን አወረደችና አየችኝ። “ለምን፣ እማማ? ምን ልታዪ?”

“የማየው ነገር የለም። ትንሽ ላዳምጥ” አልኳት።